የገመድ ሳቢው መዳፍ

ኸልፋን በዕድሜው ሐኪም ፊት የቆመው አንዴ ብቻ ነው። ያችኑ አንዷን ጊዜ የሒድ መንደር ሰው እስከ ዛሬ እያነሳ ሆዱን ይዞ ይስቅባታል።

ነዳጁ ከዱኻን ተራራ ሥር ከወጣ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ጃፓኖች ሉልን እንደ ጎመን ተክለው ማብቀል ከጀመሩ ወዲህ የደሴቲቱ ሉል ገዢ አጥቶ፣ የሒድ ጀልባዎች አሸዋው ላይ ጎናቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተጋድመዋል። ስለዚህ ጠላቂውም፣ ገመድ ሳቢውም፣ ጀልባ ላይ እየዘፈነ የሚያበረታታው ድምፀ መረዋም ሳይቀር ፊቱን ከባሕር ወደ በረሃ አዙሮ ኩባንያው ደጃፍ ላይ ተሰለፈ። ኩባንያው ደግሞ ሰው ከመቅጠሩ በፊት ጥርሱን ያያል፣ ደረቱን ያዳምጣል፣ እግሩን ያስነሳል፤ ለበዓል በግ የሚገዛ ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው።

የኸልፋን ተራ ደረሰ። ሐኪሙ ቀዝቃዛ ብረት ደረቱ ላይ ለጥፎ በቋንቋው አንድ ነገር አለ። አስተርጓሚው ሚርዛ፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ጫማው ላይ አቧራ ያረፈ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ የሚያኮርፍ ሰው፣ "አየር ሳብ ይልሃል" አለው።

ኸልፋን ሳበ። "ልቀቅ" ያለው ግን የለም። ሐኪሙ ሰው የሳበውን አየር ለመልቀቅ ትእዛዝ የሚጠብቅ መሆኑን ከየት ይወቅ? ሚርዛስ ያልተባለውን ምን ብሎ ያስተርጉም? ኸልፋን ሉል ጠላቂ ሆኖ አስራ ሁለት በጋ ሙሉ ሳብ ሲባል እየሳበ የሄደው ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ወደ ታች። ዓይኑን ጨፈነ፣ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ያዘ፣ ወረደ።

ሐኪሙ መጀመሪያ ላይ ልብ አላለም። ቆይቶ ግን ብረቱ ሥር የሚሰማው ትርታ ቀስ፣ ደግሞ ቀስ እያለ ሲሄድበት ፊቱ ተለዋወጠ። ሰዓቱን አየ። አንድ ደቂቃ አለፈ። የኸልፋንን ጉንጭ መታ መታ አደረገው፤ ኸልፋን ወይ ፍንክች። ሐኪሙ መጮህ ጀመረ፤ ሚርዛም ተደናግጦ የእናቱ ቋንቋ በሆነው በፋርስኛ ጮኸ። ሁለተኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል የኸልፋን ትንፋሽ አለቀ። ያኔ ግራ እጁን ዘርግቶ፣ ባዶውን አየር ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገ።

ሰልፉ ውስጥ ሦስት ሰው ራቅ ብሎ የቆመው ዓንበር ይህን ሲያይ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደም። የኸልፋን ሳቢ እሱ ነው። በነዚያ አስራ ሁለት በጋዎች ኸልፋን ከባሕር ሥር ገመዱን ሁለቴ ሳብ ሲያደርግ፣ ጀልባው ጠርዝ ላይ ቆሞ የሚጎትተው እሱ ነው። ሰዉን ገፈታትሮ፣ ጠረጴዛውን ዘሎ፣ ኸልፋንን በብብቱ ሥር ይዞ ወደ ላይ መዠረጠው። ሐኪሙ ከነወንበሩ ወደ ኋላው ተገለበጠ። ኸልፋን ዓይኑን ገልጦ በረጅሙ ተነፈሰና ዙሪያውን ቃኝቶ ያላት ቃል፣ ሒድ ውስጥ ሕፃን ሳይቀር ያውቃታል።

"ስንት ዛጎል አመጣሁ?"

ሐኪሙ ከወደቀበት ተነስቶ፣ ልብሱን አራግፎ፣ ነገሩ ሲገባው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከጎረቤት ክፍል ሌላ ሐኪም ጠርቶ ኸልፋንን ሁለተኛ አጠለቀው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አረንጓዴ ምልክት አደረገለት። ይህን ሳንባ ያልቀጠረ ማንን ሊቀጥር ነው?

ዓንበር ግን አላለፈም።

"ቀኝ እጅህን ጨብጥ" አለው ሚርዛ። ጨበጠ። "ዘርጋ።" ሦስቱ ጣቶች ተዘረጉ፤ የቀሩት ሁለቱ፣ ትንሿና የቀለበት ጣቱ፣ እንደታጠፉ ቀሩ። መዳፉን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ወፍራም ጠባሳ አለ። ሐኪሙ ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ቀዩን እርሳስ አነሳ።

ኸልፋን ያንን ጠባሳ ከራሱ ፊት ይልቅ ያውቀዋል። ስምንት ዓመት ሆኖታል። አስር የሰው ቁመት ታች ሆኖ ዛጎል ሲለቅም፣ ገመዱ ስለታም የባሕር ድንጋይ ላይ ገብቶ ይገዘገዝ ጀመር። ከላይ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ኸልፋንም ገና አውጣኝ አላለም። ዓንበር ግን መዳፉ ላይ አንዲት ክር ጥስ ስትል፣ ቀጥላም ሌላዋ ጥስ ስትል ተሰማው። የጀልባው አለቃ፣ ናኾዳው፣ "ምነው? ገና አልጠራህም እኮ! ባዶ ቅርጫት ልታወጣልኝ ነው?" እያለ ሲያፈጥበት፣ እሱ መልስ ሳይሰጥ በጥድፊያ ጎተተ። የሳሳው ገመድ እጁ ላይ ሲደርስ ቆዳውን አልፎ ጅማቱን በላው። ኸልፋን ከውሃው ብቅ ሲል ጀልባው ላይ መጀመሪያ ያየው ደም ነበር። የራሱ ደም መስሎት "ምን ነከሰኝ?" ብሎ ጮኸ።

አሁን ያ እጅ ነው በቀይ እርሳስ የተሰረዘው። ኸልፋን ከግቢው ሲወጣ አንጀቱ እርር ብሎ ነበር።

"ወረቀቴን እቀደዋለሁ!" አለ።

"ቅደደው" አለው ዓንበር። "ሞዛ ደግሞ አንተን ትቀድሃለች። የሚስትህን ጠባይ ካንተ ይልቅ እኔ አውቃለሁ።"

"አብረን መጣን፣ አብረን እንመለሳለን።"

"ምን ልንሠራ? አሸዋ ላይ ተቀምጠን ጀልባዎቹን ልናጫውት? ስማኝ አንተ ልጅ፤ ያን ሁሉ ዓመት ስጎትት የኖርኩት ይሄን ድንጋይ ራስህን መሆኑን ባውቅ ኖሮ ገመዱን ለሻርክ አቀብለው ነበር። ግባና ሥራህን ያዝ!"

"አቡ ሳልም..." አለ ኸልፋን፤ ሰው ሁሉ ዓንበርን የሚጠራው እንዲያ ነው፣ የሳልም አባት እያለ።

"ግባ አልኩህ!"

ኸልፋን ገባ። ሦስት ልጆች አሉት፤ ሌላ ምን ያድርግ?

ደህና ሥራም ደረሰው። ኩባንያው ለሠራተኞቹ መኖሪያ ካምፕ ይሠራ ነበርና ውሃ ያስፈልገው ነበር። ውሃውን የሚቆፍረው የገዛ መሣሪያውን በመርከብ ጭኖ የመጣ፣ ለራሱ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሲሆን፣ ፒፓ ከአፉ ስለማይለይ ሰዉ "አቡ ፒፓ" ብሎ ስም አውጥቶለታል። ኩባንያው ኸልፋንን ለሱ አዋሰው። ሥራው ሞተሩ አጠገብ ቆሞ፣ አቡ ፒፓ ፊሽካ ሲነፋ እጀታውን ስቦ ሞተሩን ማቆም፣ ደግሞ ሲነፋ መልሶ ማስነሳት ብቻ ነበር። ሳይነፋ እጀታውን የነካ ግን ወዮለት። ከሲትራ መንደር የመጣ አንድ ምስኪን ዝንብ አባርራለሁ ሲል በክርኑ ነክቶት፣ በዚያው ቀን ጓዙን ሸክፎ ተሰናብቷል።

ኸልፋን ውሃ ፍለጋ ድንጋይ ሲወቀጥ እያየ ብዙ ቀን ለብቻው ስቋል። እነሱ ባሕር ላይ ሳሉ የሚጠጣ ውሃ ሲያልቅባቸው ቆፍረው አያውቁም። ከሒድ ወጣ ብሎ ጣፋጭ ውሃ ከባሕሩ ወለል የሚፈልቅበት ቦታ አለ። ኸልፋን ስልቻ ይዞ ይጠልቃል፣ የስልቻውን አፍ ምንጩ ላይ ይደፋዋል፣ ሲሞላ አስሮ ይወጣል። ከላይ እስከ ታች ጨው በሆነ ባሕር ውስጥ ከሥር ማር የመሰለ ውሃ ያስቀመጠ ጌታ ይመስገን እያሉ በየተራ ይጎነጫሉ። አቡ ፒፓ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

በእውነት ከሆነ ኸልፋን የሚያመሰግንበት ነገር አላጣም። ድሮ በጋ ሲገባ ለአራት ወር ከቤቱ ይጠፋ ነበር፤ አሁን ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከልጆቹ ጋር ነው። ሞዛ ሩዙን በጆንያ ታስገባለች፣ ትንሿ ልጁ እሱን አይታ ማልቀስ ትታለች። ትንፋሹን ይዞ ሳይሆን እየተነፈሰ እንጀራ መብላት እንደሚቻል በሠላሳ አራት ዓመቱ አወቀ። አርብ መስጊድ ተቀምጦ ይህን አንድ በአንድ እያነሳ ያመሰግናል። ዓንበር ላይ ሲደርስ ግን ምስጋናውን ያቋርጣል። ዓንበር የሰው መረብ ይጠግናል፣ ካልተገኘ ደግሞ ቤቱ ይውላል። ሞዛ ምሳ ስትልክለት "በልቻለሁ" ብሎ ይመልሳል፤ አለመብላቱን ግን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ኸልፋን ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነው አንድ ነገር ልብ ያለው። መሣሪያው ከረጅም የእንጨት ምሰሶ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ከባድ ብረት ነው፤ ሞተሩ ያነሳዋል፣ ይለቀዋል፣ ብረቱም ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ድንጋዩን ይወቅጣል። አቡ ፒፓ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሌላ ምንም አይሠራም፤ መዳፉን ገመዱ ላይ ያሳርፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ድንገት ፊሽካውን ይነፋል። ብረቱ ሲወጣ አፈሩ ተለውጧል፣ ወይም ድንጋዩ ለስልሷል። ኸልፋን ይህን ሲያይ የጎረሰው ተምር አልወርድ አለው።

"ይሄ ሰውዬ ሳቢ ነው!" አለ ጮክ ብሎ።

በዚያው ቀን ለአቡ ፒፓም የሚያስተረጉመውን ሚርዛን ያዘው።

"ወንድሜ ሚርዛ፣ አንድ ነገር ንገርልኝ። ይሄን ሥራ የሚያውቅ ሰው አለኝ። ከሱ ይበልጣል በልልኝ።"

"ያ ሐኪሙን የገለበጠው ሰውዬ?"

"እሱ።"

"እኔ አስተርጓሚ እንጂ ደላላ አይደለሁም።"

"አትደልል፤ አስተርጉም ብቻ።"

"ከአቡ ፒፓ ይበልጣል ብዬ ለአቡ ፒፓ ልንገረው? ጭራሽ! እኔም ልጆች አሉኝ።"

ኸልፋን ሲለምን፣ ሚርዛ ጫማውን ሲያራግፍ የሙቀቱ ወራት አለቀ። በመስከረም አንድ ሐሙስ ማታ ኸልፋን ቤቱ ሲደርስ ዓንበር ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

"ቅዳሜ ማታ ወደ በስራ ከተማ የሚሄድ መርከብ አለ" አለው ዓንበር። "ተምር ለቀማ ሰው ይፈልጋሉ አሉ። የታጠፈ ጣትም ተምር ይለቅማል።"

"ከለቀማው በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላ በስራ ትልቅ አገር ነው።"

ይህ አልመለስም ማለት መሆኑ ኸልፋን ወዲያው ገባው። ዓንበር ከዚህች ደሴት ውጪ የሚያውቀው አገር የለም፤ ሚስቱ እዚሁ ናት የተቀበረችው። በስሙ የሚጠራበት ልጁ ሳልም ደግሞ በሕፃንነቱ ነው ያረፈው፤ ሰዉ ግን "አቡ ሳልም" ማለቱን አልተወም።

"እሺ" አለ ኸልፋን በመጨረሻ። "ቅዳሜ ምሳ አብረን ሳንበላ ግን አትሄድም። ሞዛ ትሠራለች። ለካምፑ ውሃ የሚያመላልሰው መኪና ላይ ተሳፍረህ ሥራ ቦታዬ ድረስ ና።"

አሳቡ ሌላ ነበር። ዓንበርን አቡ ፒፓ ፊት አቁሞ፣ ሚርዛ ባያስተረጉምም በእጁም በእግሩም ብሎ ሊለምን ነው። ከዚህ ያለፈ ዘዴ አልነበረውም፤ ኸልፋን ለወሬ የተፈጠረ ሰው አይደለም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዓንበር ጓዙን በጨርቅ ቋጥሮ፣ ሞዛ የሰጠችውን ምሳ ታቅፎ ከውሃ መኪናው ወረደ። ኸልፋን ሞተሩን ትቶ መሄድ ስለማይችል ካለበት ሆኖ አቡ ፒፓን ተጣራ። ዓንበርን አመለከተ፣ ገመዱን አመለከተ፣ የራሱን መዳፍ መታ መታ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ደግሞ ገለጠ። አቡ ፒፓ ሚርዛን አየው።

"ሰውየው ታሟል ወይ ይላል" አለ ሚርዛ።

"ምን ብለህ ልትመልስለት ነው?"

"ፀሐይ መትቶታል እላለሁ።"

አቡ ፒፓ ራሱን ነቀነቀ፣ ኸልፋንን የሞተሩ ጥላ ውስጥ ቁም የሚል ምልክት ሰጠው፣ ሚርዛን ገመዱን እንዲያይ ትቶ ሻይ ሊጠጣ ወደ ድንኳኑ ሄደ። ሚርዛ ገመዱን የሚያየው በዓይኑ ነው፤ ዘይቱ እጁን እንዳያቆሽሸው።

ኸልፋን አለቀልኝ ብሎ ዓንበርን ለማየት እንኳ አፈረ። ዓንበር ደግሞ እሱን አላየውም። ዓይኑ ገመዱ ላይ ነበር። የተወጠረ ገመድ ፊቱ ቆሞ እጁን ለመሰብሰብ ዓንበር የተፈጠረ ሰው አይደለም። ጓዙን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ጠጋ አለ፣ ያቺን የተሰነጠቀች መዳፉን ገመዱ ላይ አሳረፈ።

"ኧረ! ኧረ አትንካ!" አለ ሚርዛ። "ምን ቤት ነህ?"

ዓንበር ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ብረቱ ወጣ፣ ወደቀ። ወጣ፣ ወደቀ። ድንገት ቅንድቡ ተኮማተረ።

"ኸልፋን፣ አቁመው" አለ።

"ሳይነፋ?" አለ ሚርዛ። "እንዳትነካ! የሲትራውን ሰውዬ ረሳኸው? ይኸው ነግሬሃለሁ፣ እኔ የለሁበትም!"

"ክሩ እየተበጠሰ ነው። ታች ነው፣ አንገቱ ጋ። አቁመው!"

ኸልፋን ገመዱን አየ። ደህና ነው፤ ወፍራም ነው፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አንድም የላላ ነገር የለውም። ፊሽካ አልተነፋም። ስለ ሦስቱ ልጆቹ፣ ስለ ሩዙ ጆንያ አላሰበም ቢባል ውሸት ነው፤ አስቧል። እጁ ግን አሳቡን አልጠበቀም። እጀታውን ግጥም አድርጎ ሳበው።

ሞተሩ ጸጥ አለ። ከማለዳ ጀምሮ ሲወቀጥ የዋለው ምድር ባንዴ ዝም ሲል የካምፑ ሰው ሁሉ ምን መጣ ብሎ ዞረ። አቡ ፒፓ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ከድንኳኑ እየሮጠ ወጣ፣ ፊቱ በርበሬ መስሏል። የጮኸውን ጩኸት ሚርዛ ማስተርጎም አላስፈለገውም፣ ግን አስተረጎመ።

"ከሥራ ወጥተሃል ይላል። ሰውየውን ይዘህ ከዓይኔ ጥፋ ይላል። ሌላም ይላል፣ እሱን ግን ሰጋጅ ስለሆንኩ አልደግመውም።"

"እሺ" አለ ኸልፋን። "እሄዳለሁ። መጀመሪያ ብረቱን ያውጣው። ካላወጣው አልሄድም።"

እጀታውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ። አቡ ፒፓ እጁን ሊያስለቅቀው ታገለ፤ አስራ ሁለት ዓመት ከባሕር ጋር የታገለን ጡንቻ ማን ያስለቅቃል? ሽማግሌው ደከመው። ፒፓውን ከአፉ አወጣና ወደ ገመዱ ሄዶ መዳፉን አሳረፈበት፤ ገመዱ ቆሟልና የሚነግረው ነገር የለም። ዓንበርን ገላመጠው። ከዚያ ቀስ ብሎ በእጅ መዘውሩ ያስጠቀልል ጀመር፤ ሠራተኞቹ ተራ በተራ እየተቀባበሉ ብረቱን አወጡት።

ገመዱ ብረቱን የሚይዝበት አንገት ላይ ሲደርሱ ሁሉም እጃቸውን ሰበሰቡ። ስድስት ክር ሆኖ ከተገመደው አራቱ ተበጥሶ ጫፉ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተበታትኗል። ያንን ሁሉ ብረት ይዘው የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ከሁለቱም አንዱ ግማሹ ሄዷል።

አቡ ፒፓ ሳጥኑ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ያ ብረት ያለው አንድ ብቻ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ቢወድቅ ኖሮ ብረቱም አይወጣ፣ ጉድጓዱም አይረባ፤ የስምንት ወር ልፋቱ እዚያው ተቀብሮ በመጣበት መርከብ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ከዚያ ዓንበርን በእጁ ጠራና መዳፉን ገልብጦ አየ። ሐኪሙ ያየውን ጠባሳ አየ፤ እሱ ግን ራሱን አልነቀነቀም። የገዛ መዳፉን ዘርግቶ አጠገቡ አደረገው። የሱም እንደ ጫማ ቆዳ የደደረ ነበር።

"ስንት ዓመት ሠርተሃል ይልሃል" አለ ሚርዛ። ድምፁ ለስልሶ ነበር።

"ሃያ አንድ በጋ። አስራ ሁለቱን ከዚህ ልጅ ጋር።"

"የት ነው ይላል?"

"ባሕር ላይ።"

"ከባሕር ምን ታወጣ ነበር ይልሃል?"

ዓንበር በአገጩ ወደ ኸልፋን አመለከተ።

"እሱን።"

ሚርዛ ጫማውን አየ፣ ከዚያ ነገረው። አቡ ፒፓ ሳጥኑ ላይ ፈቀቅ ብሎ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀና እንጨቱን መታ መታ አደረገው።

"ሐኪሙ የሚቀጥረው ለኩባንያው ነው ይላል" አለ ሚርዛ። "እኔ የምቀጥረው ለራሴ ነው ይላል። አዲስ ገመድ እስኪታሰር ምሳችሁን ብሉ፣ ከዚያ ሥራ ትገባላችሁ ይላል። ሁለታችሁም።" ቀጥሎም ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ "ይሄ ከኔ ነው፤ ቀድሜ ብነግርለት ኖሮ ይሻል ነበር" አለ።

"አሁን ነግረህልናል" አለው ኸልፋን። "አላህ ይስጥልን።"

የምሰሶው ጥላ ውስጥ ተቀመጡ። ሞዛ ሩዙን በተምር ማር አጣፍጣ፣ ላዩ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ደርድራ ነበር፤ የስንብት ምሳ ነውና እጇን አልሰሰተችም። ኸልፋን ከደስታው ብዛት መጉረስ አልቻለም። ዓንበርም ዓሣውን እየፈለፈለ ያስቀምጣል እንጂ አይበላም።

"አንተ" አለው ዓንበር ቆይቶ። "ተሳስቼ ቢሆንስ? አርጅቻለሁ እኮ። ከባሕር ከወጣን ሁለት ዓመት አልፎናል። ልጆችህን ይዘህ ሳትጠይቀኝ እጀታውን ትስባለህ?"

"ከባሕር ሥር ሆኜ መቼ ጠይቄህ አውቃለሁ?" አለ ኸልፋን። የልቡን መናገር ያስቸግረው ነበር፤ ግን ዛሬ ካልተናገረ መቼ ይናገራል? "የምተነፍሰው ባንተ ነው፣ አቡ ሳልም። ሞዛም፣ ልጆቹም ባንተ ናቸው። እጅህን የበላሁትም እኔ ነኝ። አመሰግንሃለሁ። እስከ ዛሬ ብዬህ አላውቅም።"

ዓንበር የያዘውን ዓሣ ሳህኑ ላይ መለሰው።

"አንተ ምን ታውቃለህ" አለ። "ሳልም የሞተው እዚህ ነው፣ እጄ ላይ። ትኩሳት ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ይዤው፣ ልክ ሲነጋ ከእጄ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሰው ሕፃን ያዝልኝ ሲለኝ እምቢ እል ነበር። የራሴን እጅ ፈራሁት። አንድ ቀን ናኾዳው አንተን አመጣብኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የማይሞላህ፣ እግርህ የማያርፍ እብድ። ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ የገመዱን ጫፍ እጄ ላይ ጣልክና ዘለህ ገባህ።"

ዓንበር የታጠፉትን ጣቶቹን በግራ እጁ ያዘ።

"በየቀኑ ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ ነው የገባኸው። በየጊዜው እጄ ይንቀጠቀጣል። በየጊዜው ደግሞ እየሳቅክ ትወጣለህ። እየወጣህ፣ እየወጣህ እጄን መልሰህ የሰጠኸኝ አንተ ነህ። እኔ ነኝ ያላመሰገንኩህ፣ ኸልፋን።"

የኸልፋን እንባ ሩዙ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። ተነስቶ፣ ጎንበስ ብሎ ዓንበርን ግንባሩ ላይ ሳመው፤ የወለደውን አባቱን እንኳ እንደዚያ ስሞ አያውቅም። ከዚያ ተቀመጠና፣ ሁለቱም የሞዛን ምሳ አንድ ፍሬ ሩዝ ሳያስተርፉ በሉ።